ቱርሚ ላይ ያስቆምኩት ቤት

ጂንካ ስመደብ ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቴ ነበር። ሥራዬ በመንግሥት በጀት የሚሠሩ ሕንፃዎችን መቆጣጠር ነው። ላገባት የነበረችውን ልጅ ያገኘኋት በመጀመሪያው ዓመት፣ ወደ ቱርሚ በሚወርድ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ነው። ቱርሚ የተመደበች የሒሳብ መምህርት ነበረች። የቀይ አፈርን ከተማ እስክናልፍ ዝም ብለን ቆየን፤ ከዚያ በኋላ ግን ቱርሚ እስክንደርስ ወሬያችን አላለቀም።

ዓመት ሳይሞላን ለመጋባት ተስማማን። ትምህርት ቤቱ አጠገብ የመምህራን መኖሪያ ሊሠራ ስለነበር፣ እሱ ሲያልቅ ሠርጋችንን አድርገን እዚያ ጎጆ ልንወጣ አሰብን። እስከዚያው የተከራየቻት ክፍል ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ ነበር። ከምሳ በኋላ ውስጧ መቀመጥ አይቻልም። ነጠላዋን ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ጨምቃ ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርግና ደጅ ካለው ግራር ሥር የተማሪዎቿን ደብተር ታርማለች። ስሄድ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አያታለሁ። ያን መቀመጥ አሁንም በጣም ይናፍቀኛል።

የመኖሪያ ቤቱ መሠረት ወጥቶ ድንጋይ መደርደር ሲጀመር ከበላይ መሥሪያ ቤት አዲስ መመሪያ መጣ። ቆላ አገር የሚሠራ ሕንፃ ያለ ማራገቢያና ያለ ማቀዝቀዣ የሚያኖር መሆን አለበት ይላል። ረጅሙ ግድግዳ ወደ ምዕራብ እንዳይዞር፣ መስኮቶቹ ትይዩ ሆነው ነፋስ እንዲያሳልፉ፣ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ እንዲኖር ያዛል። እኔ ደስ አለኝ። በዚያ ሙቀት የምትኖረውን ሰው አውቃታለሁና።

ሳይት ስደርስ የቤቱ ረጅም ጎን የዞረው ወደ ምዕራብ ነበር። ፎርማኑ ከወላይታ የመጡ፣ በግንበኝነት ያረጁ ሰው ናቸው።

«ኢንጂነር፣ መሠረቱ እኮ ወጥቷል» አሉኝ።

«አውቃለሁ አባቴ። ግን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሙሉውን ግድግዳ ነው የምትመታው።»

«እሱስ እውነት ነው። ታዲያ በዚያ በኩል ሰፋ ያለ በረንዳ እናውጣለትና ይቀጥል። ጥላ ይሆነዋል።»

«አይሆንም፤ እንደ አዲስ ይነደፍ።»

መሠረቱን ትንሽ አዩት። «አንተ ካልክ ይሁን» አሉና ሠራተኞቹን አካፋ እንዲያስቀምጡ ነገሯቸው። እኔም ሥራው እንዲቆም በሳይቱ መዝገብ ላይ ጽፌ ፈረምኩ።

ከዚያ ቀጥታ ወደ እሷ ሄድኩ። ያመሰግኑኛል ብሎ እንደሚሮጥ ልጅ ነበር የሄድኩት።

«እና ቤቴን አስቆምክብኝ ማለት ነው?» አለች እየሳቀች።

«ሁለት ወር ብትታገሺ ነው። ቀዝቃዛ ቤት ትገቢያለሽ።»

ሳቋን ተወችው። «እኔ የምፈልገው ካንተ ጋር የምገባበትን ቤት ነው። ቢሞቀን በር እንከፍታለን።»

ሁለት ወሩ ሁለት ወር አልሆነም። አዲሱ ንድፍ ለማጽደቅ ሄዶ፣ ታርሞ ይመለስ ተብሎ፣ እንደገና ሄደ። ኮንትራክተሩ ሠራተኞቹንና ማሽኑን ወደ ሌላ ሥራ አዛወረ። ዝናብ መጣና ወንዞቹ መንገዱን ቆረጡት። ሌላ በጋ ገባ፤ እሷም ያንኑ ነጠላ እየነከረች ከረመች። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፤ ግን ስለ ቤቱ መጠየቅ ተወች።

በዚያው በጋ ሳውላ የሚኖሩት እናቷ ታመሙ። ሌላ አስታማሚ አልነበራቸውምና ዝውውር ጠይቃ ተፈቀደላት። ጂንካ መናኸሪያ ሸኘኋት። ሚኒባሱ ውስጥ ሆና «አንተም ዝውውር ጠይቅ» አለችኝ። ሁለቴ ጠየቅኩ፤ ሁለቴም ተተኪ የለም ተባልኩ። ሦስተኛ አልጠየቅኩም፤ ለምን እንደተውኩት ዛሬም ለራሴ በቅጡ መመለስ አልችልም። ተጣልተን አይደለም የተለያየነው። የምንጻጻፈው ደብዳቤ እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን ቆመ።

ሥራው በመጨረሻ ቀጥሎ ቤቱ ሲያልቅ ለርክክብ የሄድኩት እኔው ነበርኩ። ሆን ብዬ ከሰዓት በኋላ ገባሁ። ደጅ ቃጠሎ ነው፤ ውስጡ ግን በአንዱ መስኮት የገባው ነፋስ በሌላው ይወጣል። ቀለሙ ገና ይሸታል። አልጋችን ሊዘረጋበት በነበረው ቦታ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ፎርማኑ በር ላይ ቆሙ። «ያቺ መምህርት መቼ ነው የምትገባው?»

«ሄደች አባቴ።»

 ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ሁለታችንም ብዙ ቆየን።

ጂንካ ተመልሼ መመሪያውን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። መሠረታቸው የወጣ ሕንፃዎች በበረንዳ ጥላ ከተሠራላቸው መቀጠል ይችላሉ ይላል። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ብቻ አንብቤ ነበር ቱርሚ የወረድኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

ከዓመታት በኋላ የስልክ ቁጥሯን ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ አገኘሁ። አግብታ ልጆች ወልዳለች፤ እናቷ አርፈዋል። ሰላምታችንን ስንጨርስ «ቤቱ አለቀ?» አለችኝ።

«አልቋል።»

«ይቀዘቅዛል?»

«ይቀዘቅዛል። ግን...» ስለዚያ ገጽ ልነግራት ጀምሬ ተውኩት።

«እንኳን አለቀ። የሚኖርበት ሰው ይመርቅሃል» አለች። ከበስተኋላዋ ሕፃን ተጣራ፤ «መጣሁ» አለችው፤ እኔንም «ደህና ሁን» ብላ ዘጋች። ስልኩን እንደያዝኩ ቢሮዬ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ፊርማ የሚጠብቅ ሌላ ንድፍ ተዘርግቶ ነበር። የዚያን ቀን አልፈረምኩትም።