የመመርመሪያው ማኅደር

ዓረብ አገር፣ መንሱራ ሰፈር በኖርንባቸው ዓመታት ባለቤቴ ሰናኢያ በሚሉት የኢንዱስትሪ መንደር ውስጥ የፋብሪካ ፍሳሽ ጉድጓድ ያጸዳ ነበር። እኔ ቤት ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ጉድጓድ ወርደው በጋዝ ታፍነው የቀሩ ሰዎች እንዳሉ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አናወራውም።

እሱ በሚሠራበት ኩባንያ አንድ ያገራችን ኢንጂነር ነበር። ከውጭ የመጣው የጋዝ መመርመሪያ ሻንጣ ያህላል፤ ይዞት የሚወርድ የለም። ኢንጂነሩ በወገብ የሚታሰር ትንሽ መመርመሪያ እሠራለሁ ብሎ ሱለይ ሰፈር ካለ አንድ ጋራዥ ጀርባ ሲበይድና ሲፈታ ሁለት ዓመት ከረመ። ሲሳካለት ወደ እኔ መጣ።

«እትዬ፣ ማኅደር ይስፉልኝ።»

ጥቁር፣ የሳሙና ቁራጭ የሚያህል ዕቃ ነው። ማኅደር ሲለኝ ትዝ ያለኝ የአባቴ ዳዊት ነበርና በቆዳ ዙሪያውን ገጥሜ፣ ክዳን አበጅቼ ሰጠሁት። ሳቀ።

«ይሄ እኮ ይተነፍሳል።»

አናቱ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ወንፊት አሳየኝ። ላይተር ሳያቀጣጥል ጋዙን ብቻ ለቀቀበት። ዕቃው ጆሮ በሚበሳ ድምፅ ጮኸ። ጋዙ በዚያ ወንፊት ካልገባ አያውቅም ማለት ነው። ክዳኑን ቆርጬ ጣልኩና አራት ማኅደር አናታቸውን ክፍት አድርጌ ሰፋሁ። ባለቤቴና ሦስት ጓደኞቹ ይሞክሩት ተባለ።

በሳምንቱ ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ መመርመሪያውን ከቀበቶው ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከነማኅደሩ በፌስታል ተጠቅልሎ በላስቲክ ታስሯል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እንዳይቆሽሽ ነዋ። ሁላችንም ጠቅልለናል። ሙዲሩ ያበላሸ አገሩ ይገባል ብሏል።»

ሙዲር የሚሉት አለቃቸውን ነው።

«እንዲህ እንደታሰረ ወረድክ?»

«ሳምንቱን ሙሉ። አንድም ቀን አልጮኸም፣ ሰላም ነው።»

ላይተር አምጥቼ ጋዙን በፌስታሉ ላይ ለቀቅሁበት። ዝም አለ። ቆየሁበት፤ ዝም። ፌስታሉን ቀድጄ ስለቅበት ጮኸ። ባለቤቴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ግን እጅ አይሰጥም።

«አንቺስ የቴሌቪዥኑን ሪሞት በፕላስቲክ ጠቅልለሽው የለም ወይ?»

«ሪሞቱ ጉድጓድ አይወርድም» አልኩት።

ዓርብ ኢንጂነሩ ሲመጣ ነገርኩት። ከፋው።

«አይሸፈን ተብሎ መመሪያው ላይ ተጽፏል እኮ። በዓረብኛም በእንግሊዝኛም።»

«ከሚወርዱት የትኛው ያነባል?»

ከቦርሳው ጥቅል ፕላስቲክ አወጣ። ሙዲሩ አቧራ የጠጡትን መመርመሪያዎች አይቶ፣ ለገዢዎች የሚታዩ አርባ ማኅደሮች አናታቸው በፕላስቲክ ተደፍኖ ይሰፉ ብሎ አዟል።

«እኔም አልወደድኩትም» አለ። «ግን አዟል።»

«አልሰፋም።»

«እትዬ፣ እርስዎ ባይሰፉ በጥሃ ገበያ ሙሉውን ልብስ ሰፊ ነው።»

«ይስፉ። በእኔ እጅ አይሆንም።»

ባለቤቴ ጣልቃ ገባ። «ዝም ብለሽ ስፊላቸው! ኢቃማችን በማን እጅ እንዳለ ረሳሽው?» ኢቃማ የሚለው የመኖሪያ ፈቃዳችንን ነው፤ የሚያሳድሰው ሙዲሩ ነው።

«አልረሳሁም። ኢቃማ የሚያስፈልገው በሕይወት ላለ ሰው ነው።»

ከዚያ ወደ ኢንጂነሩ ዞርኩ። «ሰው አፍንጫውን ሲይዙት ይፍጨረጨራል። ያንተ ዕቃ ሲታፈን ዝም ይላል፤ እነሱ ደግሞ ዝምታውን ሰላም ነው ብለው ይወርዱበታል። ሲታፈንም የሚጮኽ አድርገው።»

«እንዴት አድርጌ?»

«የተማርከው አንተ ነህ።»

ጥቅሉን ትቶ፣ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። እኔ በየማለዳው ፌስታሉን እየቀደድኩ ባለቤቴን ወደ ሥራ ሸኘሁ። ጓደኞቹ ሳቁበት። አንድ ቀን ሙዲሩ ራሱ በመኪና መጣ። በሩን ገርበብ አድርጌ ከኋላው ቆምኩ።

«ያላ፣ ሥራው የታለ?»

ሰው ቤት ስሠራ በለመድኩት ዓረብኛ መለስኩለት። «አልተሠራም። ፕላስቲክ የደፈንክበትን ታጥቀህ አንተ መጀመሪያ ውረድ፤ ስትወጣ እሰፋለሁ።»

ባለቤቴ ከኋላዬ ቀሚሴን ይጎትታል። ሙዲሩ «ኸላስ»፣ በቃ፣ ብሎ ጥቅሉን ተቀብሎ ሄደ። አርባውን ማኅደር ሌላ ሰው ሰፋው። ኢቃማችን ይታደሳል አይታደስም ስንል ሁለት ወር አለፈ።

ኢንጂነሩ በመጨረሻ ተመለሰ። መመርመሪያው ትንሽ ወፍሯል። ውስጡ ዓሣ የሚያኖሩበት መስታወት ላይ እንደሚገጠመው ያለ፣ ግን ከእሱ ያነሰ፣ አየር የሚስብ ሞተር ከቶበታል። የሚስብበት ወንፊት ሲደፈን ሞተሩ ይታገላል፤ ያኔ ዕቃው ይጮኻል።

«እስቲ ይፈኑት» አለኝ።

በፌስታል አሰርኩት፤ ጮኸ። በጣቴ ደፈንኩት፤ ጮኸ። ኢንጂነሩ ይዞት የመጣውን አናቱ የተደፈነ የሙዲሩን ማኅደር አጠለቅሁለት፤ ጮኸ። ሙዲሩ አርባውንም አስቀደዳቸው ሲባል ሰማሁ። የቀደደው ያው የሰፋው ሰው ነው።

ሠራተኞቹ መጀመሪያ ጠሉት። ባለቤቴም «ባለጌ ነው፣ አይነካም» ይል ነበር። መሸፈን ግን ተዉ።

በዚያ በጋ አንድ ቀን ባለቤቴ ገና በጠራራ ፀሐይ ቤት ገባ። ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ዛሬ ጮኸ።»

«ማን ሸፈነው?»

«ማንም። ጉድጓዱ ነው።»

«እና?»

«ወጣን። አራታችንም።» ውኃ ሰጠሁት፤ ጠጣ። «ሙዲሩ ተመለሱና ጨርሱ አለ። አየሩ ሳይጸዳ አንወርድም ተባለ።»

«ማን ነው ያለው?»

ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እኔ» አለ።