ሁሌ የምትመረመረው እሷ

ዳቦ ጋጋሪው ዕድሜውን የጨረሰው ምድጃ አፍ ላይ ቆሞ ነው። ሌሎቹ ሊጡን አስገብተው ፈቀቅ ሲሉ፣ እሱ ሲጋራውን በከንፈሩ ጥግ ይዞ፣ ሆዱን ከብረቱ አስጠግቶ የዳቦውን መልክ ያያል። «እሳት የሚፈራ ቤቱ ይተኛ!» ይላል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያደገው በእሱ ዳቦ ነው። የእሱ ቤት ግን ልጅ አልነበረበትም።

ጥፋቱ የማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ የሚስቱ ነዋ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። አብረዋቸው የሚኖሩት እናቱ ምራታቸው እየሰማች፣ «አይ ልጄ፣ ደረቅ መሬት ላይ ዘርተህ ቀረህ» ይላሉ። እሷም መርፌውን ተወጋች፣ ኪኒኑን ዋጠች። ሐኪሞቹ «አንቺ ደህና ነሽ፤ ባልሽ ይምጣ» ባሏት ቁጥር ትነግረዋለች።

«እኔ ምን ሆኜ? በሬ የሚጥል ጉልበት አለኝ!» ይላታል። ሞኝ! ጉልበትና ዘር አንድ መስሎት።

በመጨረሻ ሳል አላስተኛ ሲለው ሐኪም ቤት ሄደ፤ እግረ መንገዱንም ዘሩን ተመረመረ። ሐኪሟ ሳታለባብስ ነገረችው። ዘሩ በጣም አነስተኛ ነው፤ የዓመታት ሙቀትና ሲጋራ ሳይጎዱት አይቀሩም።

«ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን ልንረዳዎት እንችል ነበር» አለችው። «ባለቤትዎ ዕድሜያቸው ስንት ነው?»

የሚስቱ የወር አበባ ከተቋረጠ ከርሟል።

ልጅ ማጣቱ አንድ ነገር ነው፤ አንጀቱን የበላው ግን እሷ በከንቱ የጠጣችው ስድብ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት እናቱ ፊት ቁጭ አለ። ሚስቱ ጓዳ ውስጥ ሳህን ታጥባለች።

«እማዬ፣ ችግሩ የኔ ነው። እሷ ምንም የለባትም። ሐኪም ነግሮኛል።»

እናቱ ትክ ብለው አዩት፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ጉንጩን ዳበሱት።

«የኔ ደግ! ሚስትህን ላለማሳፈር ብለህ በራስህ ታላክካለህ? ምን ዓይነት ወርቅ ልጅ ነው የወለድኩት!» ከዚያም ወደ ጓዳው ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ሰምተሻል አይደል? እንዲህ ያለ ባል አግኝተሽ አንድ ልጅ መስጠት አቃተሽ!»

«እማዬ፣ እውነቴን እኮ ነው...»

«ተው ልጄ፣ እናት አትታለልም።»

ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ። ሚስቱ እጇን ውሃው ውስጥ እንደነከረች ጀርባዋን ሰጥታው ቆማለች። ትከሻዋን ሊይዝ እጁን ዘረጋ።

«ተዋቸው» አለችው ሳትዞር። «አሁን ማን ያምንሃል?»