በርበሬ የማይደርቅባት ገነት

መምህሬ ዛሬ ኮል አድርጋ «ለውድድሩ የላክሽው ጽሑፍ ተመርጧል፤ ቅዳሜ ላይብረሪ ውስጥ አንቺው ታነቢዋለሽ» አለችኝ።

«አንድ ቃል ሳይቀየር?»

«አንድ ቃል ሳይቀየር።»

ዘለልኩ! ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል ሰፈር ያለው አፓርታማችን ተንቀጠቀጠ። ከታች ያሉት ጎረቤቶች ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደቡ። ይደብድቡ!

ይቀይሩብኛል ብዬ በጣም ፈርቼ ነበር። ከእኛ በላይ ፎቅ ላይ ያሉትን ጎረቤታችንን እትዬን አስነብቤያቸው «ምነው ልጄ፣ ገነት ኖረሽ ስለ ሻጋታ ትጽፊያለሽ? የፀሐይ መጥለቅ የለም እንዴ? ዘንባባ የለም? ዳኞቹ ይስቁብሻል» ብለውኛል።

«እትዬ፣ እስቲ አንድ ሳምንት ይሞክሩት» አልኳቸው።

ገነት! ቶሮንቶ ከመምጣታችን በፊት እናቴ ሩቅ ደሴት ላይ፣ አንድ ትንሽ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ነበረች። ገነቷ ይህችውላችሁ፦ አንሶላው ሳይደርቅ ይሸታል፣ ጫማ ይሻግታል፣ ዕቃ የምታመጣው ጀልባ ከዘገየች ሽንኩርት የለም። ዓሣ ብቻ። እናቴ ደግሞ በጾም ዓሣ አትቀምስም፤ ባሕር መሃል ተቀምጣ ሩዝ በኮኮናት።

«ብዪ እንጂ፣ ማን ያይሻል?» ስላት «አንቺ» አለችኝ።

አንድ ቀን ጀልባዋ ቀይ ዛላ በርበሬ ይዛ መጣች። እናቴ በደስታ እንደ አገሯ አጥባ፣ ቀንጥሳ፣ ባሕሩ ዳር ሰሌን ላይ አሰጣችው። ዘነበ፤ አስገባነው። አወጣነው፤ ዘነበ። ሻገተ። ከዚያ ሸርጣኖች ወረሩት። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ «ሂድ ከዚህ!» እያለች ስታባርር የሆቴሉ እንግዶች መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፎቶ ያነሱን ጀመር።

«የደሴቲቱ ባህል ነው?» አለችኝ አንዷ።

«አዎ፣ ለሸርጣኖች ግብር እያበላን ነው።»

አመነችኝ! እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ኦ ማይ ጋድ፣ እንዴት ደስ ይላል!» አለች። ለእሷ ደስ ይላል። እናቴ ግን የለፋችበትን በሙሉ ባሕር ውስጥ ደፍታ፣ ዓይኗ እንደቀላ የዚያችኑ ሴትዮ ትራስ ልታስተካክል ሄደች። እጇን ታጥባ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ዛሬ እናቴ ከሥራ ሺፍቷ ስትመለስ በር ላይ ነገርኳት።

«የበርበሬውንም ታነቢያለሽ?»

«እሱን ነዋ!»

ጫማዋን ሳታወልቅ ቆማ ሳቀች። «እንግዲያው ፊት ወንበር ላይ ነኝ።»

እናንተም ቅዳሜ ብሉር መንገድ ላይ ወዳለው ላይብረሪ ኑ። መነጽራችሁን ግንባራችሁ ላይ ሰቅላችሁ እንዳትመጡ ብቻ። ፎቶ ማንሳት የፈለገ እናቴን ያስፈቅድ፤ ፊት ወንበር ላይ ያገኛታል።