የሃፍቶም ማሞቂያ

ልጄ ናሆም በዚህ ክረምት ለሳሎኔ ማሞቂያ አስገጠመልኝ። የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከሜዳው የሚነሳው ነፋስ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን መስኮት ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ማሞቂያው ሁለት አካል ያለው ዓይነት ነው። አንዱ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሆኖ ሞቃት አየር ይለቃል፤ ሌላው፣ ማራገቢያ ያለው ትልቅ ሣጥን፣ ውጪ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ትናንት ከሰዓት በረዶ ቀላቅሎ ሲዘንብ ናሆም በመስኮት ወደ በረንዳው አየና፣ «እማ፣ ዝናቡ እኮ እየቀጠቀጠው ነው። ላስቲክ ላልብሰው?» አለኝ።

«እንዳትነካው!» አልኩት። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ልጁ ሻዩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እናቱ በትንሽ በትልቁ ቱግ እንደምትል ያውቃል፤ ስለ ላስቲክ ሲነሳ ስታለቅስ ግን መቼ አይቶ። ቁጭ በል አልኩትና እስከዚያ ቀን ያልነገርኩትን ነገርኩት።

ያኔ የምንኖረው ገርጂ ነበር፣ ከኢምፔሪያል ሆቴል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። መንገዱ ኮብልስቶን ገና አላየም። ሐምሌ ሲገባ አንድ ጫማ ለጭቃው፣ አንድ ጫማ ለሥራ ይዤ ነበር ከቤት የምወጣው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ኢምፔሪያል አጠገብ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር። ማታ ስመለስ ታክሲ መያዣው ጋ ከተደረደሩት ሴቶች የተጠበሰ በቆሎ እገዛለሁ፤ አንዱን ለራሴ፣ አንዱን፣ ጠቆር ያለውን፣ ለታላቅ ወንድሜ ለሃፍቶም። ያላረረ በቆሎ በቆሎ አይመስለውም ነበር።

አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ ቤቱ ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ሃፍቶምና እናታችን ነን። እናታችንን የምንጠራት እንደ አገሯ ልማድ «አደይ» እያልን ነው። ከአዲግራት የመጣችው በልጅነቷ ነው፤ አዲስ አበባ አርጅታም ስትጸልይና ሲከፋት አማርኛው ይጠፋባት ነበር። ሳንባዋ ደካማ ነው። ሐኪሙ ከሰል የሚባል ነገር ቤት ውስጥ እንዳይጨስ፣ ብርድም እንዳያገኛት አጥብቆ አዟል። ሁለቱን ትእዛዝ ባንድ ላይ በገርጂ ክረምት እንዴት እንደምንፈጽም ግን አልነገረንም።

መላውን ያመጣው ሃፍቶም ነው። ሥራው ኤሲ፣ ቤት የሚያቀዘቅዘውንም የሚያሞቀውንም፣ መግጠምና መጠገን ነበር። ቦሌ አንድ ቢሮ ሲታደስ ካወረዷቸው ኤሲዎች አንዱን አሠሪው ሰጠው፤ እሱም አጣጥቦና አስተካክሎ አደይ መኝታ ቤት ገጠመው። የውጪውን ሣጥን ከጓሮ በኩል፣ ግድግዳው ላይ በብረት አንጠልጥሎ አሰረ። አደይ ነጠላዋን ተከናንባ ከሥሩ ቆማ ስታየው ቆየችና፣ ውጪ ብርድ እያለ ሙቀቱን ከየት ሊያመጣው ነው ብላ ጠየቀችው። ቀዝቃዛ ባልነው አየር ውስጥም ትንሽ ሙቀት እንዳለ፣ መሣሪያው ያቺኑ ሙቀት ለቃቅሞ ወደ ቤት እንደሚያስገባ አስረዳት።

«እንግዲያው ለማኝ ነው በለኛ» አለችው።

ሃፍቶም መሰላሉ ላይ ሆኖ እስኪወዛወዝ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ የማሞቂያው ስም «ለማኙ» ሆኖ ቀረ። ለማኙን አብሩልኝ፣ ለማኙን አጥፉልኝ ትለናለች። ያን ክረምት ሳሏ ቀለል አለ። ሃፍቶም ከሥራ ሲገባ ቀጥታ መኝታ ቤቷ ሄዶ እጁን ማሞቂያው አፍ ላይ ይዘረጋል፤ ከዚያ ጋቢውን ለብሶ እግሯ ሥር ቁጭ ብሎ በቆሎውን ይፈለፍላል። በልቶ የማይጠግብ ሰው ቢሆንም ግማሹን ለእሷ ይሰጣታል። ያ ክፍል የበቆሎና የሎሚ ሳሙና ሽታ ነበረው።

በቀጣዩ ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ ሥራ አግኝቶ ወደ ደሴ ሄደ። በማለዳ ላምበረት መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ሲመለስ የተሳፈረበት አውቶቡስ ዝናብ ባረጠበው መንገድ ላይ ተንሸራቶ ገደል ገባ። ይህን ከዚህ አስረዝሜ መጻፍ አልችልም።

ለቅሶው ላይ አስከሬኑን ሊያመጡ ከሄዱት ዘመዶች አንዱ አደይ አጠገብ ተቀመጠ። ደግ ሰው ነው፤ ሊያጽናናት ፈልጎ ነው። «ሌሊቱን ዝናብ ሲዘንብበት አድሮ፣ ጠዋት ስናገኘው ፊቱ ታጥቦ የተኛ ነበር የሚመስለው» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አደይ ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ከተቀመጠችበት ትነሳለች። መስኮቱ ጋ ትቆማለች። እስኪያባራ ትቆማለች። ነይ ተቀመጪ ብላት የምትሰማኝ አይመስለኝም ነበር። እኔም አዝኛለሁ፣ ወንድሜ ነው፤ የእሷን ሐዘን ሳይ ግን የራሴን የት እንደማስቀምጠው ግራ ይገባኝ ነበር።

ዐርባው ከወጣ በኋላ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር መልቀቅ ጀመረ።

ሃፍቶም ያሳየኝን ሁሉ ሞከርኩ። ሪሞቱ ላይ ያለው ምልክት ፀሐይ መሆኑን፣ የበረዶዋ አለመሆኑን አየሁ። ባትሪ ቀየርኩ። ማጣሪያውን አውጥቼ አጠብኩት፤ አቧራም አልነበረበትም። ከቆጣሪው አጥፍቼ፣ ቆይቼ መልሼ አበራሁ። ሲነሳ ለብ ይላል፤ ደስ ብሎኝ አደይን ስጠራት እንደገና ይቀዘቅዛል። የአደይ ሳል ተመለሰ። ሌላ ሠራተኛ ልጥራ ስላት፣ ልጇ የገጠመውን ማንም እንዲፈታው እንደማትፈልግ ነገረችኝ። ብርዱን እችለዋለሁ አለች። አልጋዋ ላይ ሁልጊዜ ታጥፎ ይቀመጥ የነበረው የሃፍቶም ጋቢ እንደሌለ ያየሁትም በዚያ ሰሞን ነው። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ለነዳያን ሰጥታው ይሆናል ብዬ አልጠየቅኳትም።

ሳሏ ደረቷን ሲሰነጥቃት አላስቻለኝምና ሲራክን ጠራሁት። ሲራክ የሃፍቶም የሥራ ባልደረባና የልብ ጓደኛ ነው፤ እሱን እንኳ እሺ ትለዋለች ብዬ ነው። ከዐርባው ወዲህ ቤታችን አልመጣም ነበር። የመሣሪያ ቦርሳውን ይዞ በር ላይ ሲቆም አደይ ለአፍታ ፊቷ በራ፤ ቦርሳው እንደ ሃፍቶም ቦርሳ ነበር። ከዚያ አወቀችው። ግንባሩን ስማ አስገባችው።

ሲራክ እጁን ማሞቂያው አፍ ላይ ዘረጋ። ኤሌክትሪኩን ለካ፤ ደህና ነው። ጋዙ አልቆ ሊሆን እንደሚችል ነግሮኝ፣ የውጪውን ሣጥን ልየው አለ። አደይ አልጋዋ ላይ ሆና የውጪው ምንም አልሆነም፣ እሱን ተወው አለችው። ሲራክ እኔን አየኝ። ዝናቡ እያካፋ ነበር፤ ጃንጥላ ይዘን በጓሮ ዞርን።

ሣጥኑ አይታይም። ከላይ ወፍራም ላስቲክ ለብሷል፤ ላስቲኩ በገመድ ዙሪያውን ተጠፍሯል። ሲራክ ጠርዙን ገለጥ ሲያደርገው ከሥሩ የሃፍቶም ጋቢ ወጣ። ሣጥኑን ከፊትም ከኋላም እጥፍ አድርጎ ይዞታል፤ ሕፃን በብርድ ቀን ተጠቅልሎ እንደሚወጣው። ማራገቢያው ከውስጥ ያቃስታል። በጋቢው ቀዳዳ የሚታየው ብረት በረዶ ጋግሯል።

ሲራክ ጃንጥላውን ለቀቀው። አደይ እኔ ሱቅ ስውል፣ በዚያ ሳሏ፣ ወንበር ላይ ወጥታ ነው ያን ሁሉ ያሰረችው።

ከኋላችን ስትመጣ አልሰማናትም። ነጠላዋ ረጥቧል። «አትፍቱት» አለች።

ሲራክ ዞረ። «ማዘር፣ ቤቱ የቀዘቀዘው እኮ በዚህ ነው።»

«ለእኔ ይቅርብኝ። አንድ ሌሊት በዝናብ አድሯል ወደይ፤ ይበቃዋል።»

ወደይ ልጄ ማለት ነው። ሲራክን ይሁን ሃፍቶምን የጠራችው አላወቅሁም፤ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ሲራክ አጠገቧ ሄዶ ጎንበስ አለ። «ማዘር፣ ይሄ ነገር ከውጪ አየር እየሳበ ነው ሙቀቱን የሚያመጣልዎት። አሁን መሳብ አልቻለም። ታፍኗል።»

አደይ ሣጥኑን አየችው። ማራገቢያው ያቃስታል። «አፍኜዋለሁ?» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።

እኛን አላስነካችንም። ቋጠሮው ርሶ አብጦ ነበር፤ በጣቷ እምቢ ሲላት በጥርሷ ያዘችው። እኔ ከወንበሩ ላይ እንዳትወድቅ ደግፌያት ቆምኩ። ጋቢውን አውጥታ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያዘችው፤ ውኃው በቀሚሷ ላይ ይወርድ ነበር። ሲራክ የዚያኑ ቀን ቁራጭ ቆርቆሮ ፈልጎ ከሣጥኑ በላይ እንደ ጣራ አጋደመለት፣ ፊቱንም ኋላውንም ክፍት ትቶ። እንግዲህ ዝናብም አይመታውም፣ ትንፋሽም አያጥረውም ብሎ አሳያት።

በረዶው ቀልጦ እስኪያልቅ ጠበቅን። ከዚያ ሙቀቱ መጣ፤ ያ የድሮው ሙቀት። ደስ ሊለኝ ሲጀምር አደይን አየኋት። ብርድ ያንቀጠቅጣታል፤ ግን ሙቀቱ ጋ ያስቀመጠችው ወንበሩን ነው፣ ወንበሩ ላይ ደግሞ ጋቢውን ዘርግታ። እስኪደርቅ ከአጠገቡ አልተነሳችም። ሲደርቅ አንስታ ፊቷን ቀበረችበት። ረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆየች።

«ለተብርሃን፣ እስቲ ነይ አሽትቺው» አለችኝ።

አሸተትኩት። ላስቲክና ዝናብ ይሸታል። የሎሚ ሳሙናው የለም፣ በቆሎው የለም። ሃፍቶም የለም። አለ እንዳልላት አደይ የልጇን ሽታ ከእኔ አብልጣ ታውቃለች። ጋቢውን መለስኩላት።

«ዝናቡ ደግሞ ወሰደብኝ» አለች።

ለቅሶው ላይ እንደዚያ ስታለቅስ አላየኋትም። ሲራክ ቦርሳውን እንኳ ሳይዘጋ በረንዳው ላይ ወጥቶ ቆመ። ለማኙ ከላያችን ሙቀቱን ይለቅ ነበር፤ ክፍሉ ሞቆ፣ መስታወቱ ላብ አውጥቶ፣ እሷ ግን ጋቢውን ታቅፋ መንቀጥቀጧን አላቆመችም።

ከዚያ በኋላ አደይ ብዙ ክረምት ኖራለች። ሳሏም ተሻላት፤ የሃፍቶም ሥራ ነው፣ ሐኪሙም መስክሯል። እኔ ግን ያንን ቀን ሳስብ እስከ ዛሬ ልቤ ይሰበራል። ልጇ በዝናብ ያደረ ዕለት ልታለብሰው አልቻለችም፤ ያገኘችውን አለበሰች። እኔም ልጅ ወልጄ ሳይ ነው ጅልነት እንዳልነበረ በደንብ የገባኝ። አደይ ስታርፍ ጋቢው ለእኔ ደረሰ።

ናሆም ሲሰማኝ ቆይቶ ጋቢውን አሳዪኝ አለኝ። ከቁም ሣጥኑ አውጥቼ ሰጠሁት። እንዳላይበት ወደ መስኮቱ ዞር ብሎ አፍንጫው ላይ አደረገው። ውጪ ዝናቡ ሣጥኑን ይመታዋል፤ ማራገቢያው ይዞራል።

«ምንም አይሸትም እኮ፣ እማ» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩት። ተቀብዬው አጥፌ ወደ ቦታው መለስኩት። አደይ አንድም ቀን አላጠበችውም፤ እኔም አላጥበውም።