ሳልኖር ክፍሌ ውስጥ የሚከፈተው ኮምፒውተር

ያን ቀን ከሰዓት ዝናብ ደብድቦኝ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ስወጣ፣ ጎረቤቴ ዘይነባ በሯ ላይ ቆማ ጃንጥላዋን ታራግፋለች። የኔ ክፍልና የሷ ሳሎን የሚለዩት በአንድ ግድግዳ ነው። ወሎዬ ናት፣ ጨዋታ ትወዳለች።

«ዛሬማ ቤት ሆነሽ ስትሠሪ ዋልሽ» አለችኝ።

«የት... አሁን ገና ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር መምጣቴ ነው።»

«ኧረ ተይ፣ ኮምፒውተርሽ ሲከፈት ሰምቼዋለሁ። ያ ዱምም... የሚለው።»

ላፕቶፔ ጀርባዬ ላይ ነበር። ዞሬ ቦርሳውን አሳየኋት። ቦርሳውን አየች፣ የኛን በር አየች፣ ከዚያ «ቢስሚላህ» ብላ ቀስ አድርጋ በሯን ዘጋች። እሷስ ዘጋች። እኔ የት ልሂድ... ቤቴ ነው።

ልደታ ኮንዶሚኒየም አንድ ክፍል የተከራየሁት ከእትዬ ስንዱ ነው። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፣ ቤቱ ውስጥ ከኔ ሌላ ሰው የላቸውም። ክፍሏ በጣም ጠባብ ናት፤ ወንበሩን ወደኋላ ስስበው አልጋው ይገጨዋል። እኔ ደግሞ የሠርግ ካርድና የመጽሐፍ ሽፋን ዲዛይን የማደርግ ሰው ነኝ፤ የምሠራው እዚያችው ጠረጴዛ ላይ ነው።

መጀመሪያ ተከራይቼ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ማውስና ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ነበሩ። የሁሉም ገመድ ሄዶ የሚገባው የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል ጥቁር ሣጥን ውስጥ ነው። ዶኪንግ ስቴሽን፣ ባጭሩ ዶክ ይሉታል። ከሱ የሚወጣውን አንድ ገመድ ላፕቶፔ ላይ ስሰካ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ በአንዴ ነፍስ ይዘራል። ለዚያች ክፍል ከዚህ የተሻለ ነገር አልነበረም።

«የቴዲ ነው» አሉኝ እትዬ ስንዱ። «ተጠቀሚበት። ከቦታው ብቻ አታንሺብኝ።»

ቴዲ አንድ ልጃቸው ነበር። የሕንፃ ንድፍ ይሠራ የነበረው እዚሁ ክፍል ነው። ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዶ ሲመለስ መኪናው ተገለበጠ።

የመጀመሪያው ጠዋት ላፕቶፔን ሰክቼ ስከፍተው ስፒከሮቹ ዱምም አሉ። ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት ይከትፍ የነበረው ቢላ ቆመ። ቆየ... ከዚያ ቀጠለ። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ከዘይነባ ወሬ በኋላ ግን ሁሉንም ልብ ማለት ጀመርኩ። ወጥቼ ስመለስ ወንበሩ እንደተውኩት አይደለም። አንዴ የስክሪኑን ጀርባ ብነካው ሞቋል፤ እኔ ከጠዋት ጀምሮ አልነበርኩም። ልደታ ማርያም ሄጄ ጠበል አመጣሁና ክፍሉን ረጨሁት... ዶኩ ላይ እንዳይፈስ እየተጠነቀቅኩ። እትዬ ስንዱን ለመጠየቅ አፌ አልታዘዘኝም። የሞተ ልጃቸውን ነገር ምን ብዬ ላንሳ?

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ደንበኛ ጋ ልሄድ ወጥቼ፣ ታክሲ ተራው ስደርስ ፍላሽ መርሳቴ ትዝ አለኝ። ተመለስኩ። የውጪውን በር ከፍቼ ገና እግሬን ሳስገባ... ዱምም።

ላፕቶፔ ጀርባዬ ላይ ነው። ቀጥሎ የሰማሁት ደግሞ ባሰ፤ ክፍሌ ውስጥ ሰው እያወራ ነው።

«ምሳ ላቅርብልህ ወይስ ትንሽ ትሠራለህ?»

የእትዬ ስንዱ ድምፅ ነው። የክፍሌን በር ገፋሁት። ወንበሬ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፀጉራቸውን አበጥረዋል፣ እንግዳ የሚቀበሉ ይመስላሉ። ፊት ለፊታቸው አይቼው የማላውቅ ወፍራም ላፕቶፕ አለ። የራሱ ስክሪን ተሰነጣጥቆ ጠቁሯል። የቴዲ ነው፤ መኪናው ሲገለበጥ አብሮት እንደነበር ኋላ ነገሩኝ። በዶኩ በኩል ግን ትልቁ ስክሪን ላይ ፎቶው ወጥቷል፤ ፈገግ ያለ ወጣት፣ ከሥሩ ፓስወርድ የሚጠይቅ ባዶ ቦታ።

አልደነገጡም። «ግቢ» አሉኝ። «ለብቻው ሲሆን ምንም አይታይበትም። እዚህ ሲሰካ ነው መልኩን የማየው።»

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። «ፓስወርዱን የሚከፍትልዎ ሰው አውቃለሁ» አልኳቸው።

ፎቶውን አይተው አይተው «አይሆንም ልጄ» አሉ። «ከተከፈተማ የሚገኘው ሥዕልና ወረቀት ነው። ተዘግቶ ሲቆይ ግን... ውስጥ ያለው እሱ ነው።»

ፈራኋቸው። ግን ተነስቼ መሄድም አልሆነልኝም።

ከዚያ ወዲህ ሳንነጋገር ተግባባን። ምሳ ሰዓት ላይ ገመዴን ነቅዬ ወደ ሳሎን እወጣለሁ፣ እሳቸው ይገባሉ። የውሃውን መጥፋት፣ የጎረቤቱን ወሬ ሲነግሩት እሰማለሁ። አንድ ቀን «ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ጠረጴዛህን በሥርዓት ነው የያዘችልህ» ሲሉት ሰምቼ ምሳዬን ተውኩት።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ያ ዱምም የሚለው ድምፅ ሳይመጣ ቀረ። ሲቆይ ጠሩኝ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ሌላ ቻርጀር ሞከርኩ፣ ዶኩን አጥፍቼ አበራሁ። በኔ ላፕቶፕ ሁሉም ይሠራል። የቴዲ ግን አበቃለት።

«የሚጠግን ቦታ አለ፣ ልውሰደው» አልኩ።

ክዳኑን ቀስ አድርገው ዘጉት፣ በነጠላቸው ጫፍም ጠረጉት።

«ተይው። ሲቀበር አላለቀስኩም ነበር፤ ሰው ሁሉ ታዝቦኛል» አሉ። ከዚያ አለቀሱ። ዘይነባ ልቅሶውን በግድግዳው በኩል ሰምታ መጣች፤ ሦስታችንም አልጋው ላይ ተደርድረን ዋልን።

ዛሬም እዚያው ቤት ነኝ። ላፕቶፑ ቁምሳጥን ውስጥ ነው፣ እትዬ ስንዱም ወደ ክፍሉ መግባት ትተዋል። እኔ ግን ምሳ ሰዓት ሲደርስ አሁንም ገመዴን ነቅዬ እነሳለሁ። ደንበኞቼ «በዚያ ሰዓት ለምን አትሠሪም?» ሲሉኝ ምን ብዬ ልመልስ... ወንበሩ ተይዟል።