ቀይ ስድስት በጥቁር ሰባት ላይ

ኮምፒውተሩን ከወንድሜ ከአወል መጋዘን አውጥቼ አቧራውን ስጠርግለት ያ የድሮ ሽታው ወጣ። የጋለ ፕላስቲክና ውኃ ያልነካው አዲስ ጨርቅ ሽታ። ልጅ ሆኜ የማውቀው የእማዬ ሱቅ ሽታ ይኸው ነበር። ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት ሰፈር ውስጥ ድሪያ የሚሉትን የሴት ቀሚስና ሽርጥ የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችን። ኮምፒውተሩን ሂሳብ ይያዝበታል ብሎ ያመጣው አባቴ ነው። ሂሳቡ ግን እንደ ወትሮው በእማዬ ጭንቅላት ውስጥ ቀረ፤ እሷ ማሽኑን የፈለገችው ለካርታ ጨዋታ ነበር።

ቀትር ላይ ከተማው ሁሉ ይዘጋል። ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አሸዋውን እያነሳ በሩን ሲደበድብ፣ ወንዶቹም ጫታቸውን ይዘው ጥላ ሲፈልጉ፣ እማዬ የሱቋን በር ገርበብ አድርጋ፣ ጫማዋን አውልቃ ኮምፒውተሩ ፊት ትሰየማለች። እኔም ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ ጎኗ ካለው የጨርቅ ጥቅል ላይ ጉብ እላለሁ። ለብቻ የሚጫወቱት ካርታ ነበር፤ ቀይ በጥቁር ላይ፣ ጥቁር በቀይ ላይ እየተደረደረ የሚያልቅ። እማዬ ካርታዎቹን እንደ ሰው ነበር የምታናግራቸው። ንጉሡን «አንተ ባለ ዘውድ፣ ተጎልተህ ቀረህ? ለሰው ቦታ ልቀቅ እንጂ» ትለዋለች። እመቤቲቱ ፊቷን ካላዞረችላት ደግሞ «ይቺ ደግሞ ኩራቷ» ብላ ታኮርፋታለች። ደንበኛ በሩን ሲያንኳኳ ድምፅዋን ቀይራ «ባለቤቷ የለችም» ስትል አፌን በሁለት እጄ አፍኜ እስቅ ነበር። በዚያች ሰዓት እማዬ የእኔ ብቻ ትመስለኝ ነበር።

ዘንድሮ ያን ማሽን የፈለግሁት ግን ትዝታ አምሮኝ አይደለም። የእማዬ ቀኝ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል፤ በግራውም ላይ ሞራ ወጣበትና ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ፋሻው ከተፈታ በኋላ ታይ እንደሆነ፣ አታይ እንደሆነ ማወቅ አቃተኝ። «እማዬ፣ እንዴት ነው፣ ታያለሽ?» ስላት መልሷ «አልሐምዱሊላህ» ነው። እሷ እንደሆነች እጇ ቢሰበርም አልሐምዱሊላህ ነው የምትለው፤ የማያውቃት ይመናት። ግድግዳ እየዳበሰች ነው የምትሄደው። ከልማድ ይሁን ከጨለማ፣ ማን ያውቃል? ሐኪሙ ይሄ ካልያዘ ሌላ የሚሞከር ነገር የለም ብሎኝ ነበር። ማየቷን በጨዋታ ልፈትን ብዬ ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ ብሰጣት ማስታወቂያው በየመሃሉ ዘው እያለ አላስቀምጥ አላትና «ይሄ ካርታ አይደለም፣ ገበያ ነው» ብላ መለሰችልኝ። ማየት አቅቷት ይሁን ተናዳ፣ አሁንም አላወቅሁም። የምታምነው የድሮውን ካርታዋን ብቻ ነው ብዬ ቆረጥሁ።

የማሽኑ ሐርድ ዲስክ ሞቶ ነበር። አወል ሌላ አሮጌ ፈልጎ ከቀየረበት በኋላ የድሮውን ዊንዶውስ ሲዲ ከነማቀፊያው ራስ ዲካ ሰፈር ቤታችን ድረስ አመጣልኝ። «ኢንተርኔት እንዳታገናኚው፣ አይችለውም፤ ሽማግሌ ነው» አለኝና ወደ ሥራው ሄደ። ሲዲውን በሻሼ ጫፍ ጠርጌ አስገባሁት። ሰማያዊው ገጽ መጣ፤ ማሽኑም እያጓራ ፋይሎቹን መገልበጥ ጀመረ። ደስ ሲለኝ ቁልፉን ጠየቀኝ፤ ማቀፊያው ላይ የተለጠፈውን የፊደልና የቁጥር ድርድር ማለት ነው። ጻፍኩለት፤ ስህተት ነው አለኝ። ቀስ ብዬ፣ አንድ በአንድ ደገምኩት፤ አሁንም ስህተት። ተስፋ ቆርጬ ልነሳ ስል የጻፍኩትን ቀና ብዬ አየሁት፤ «ኪው»ን በተጫንኩበት ሁሉ «ኤ» ተቀምጧል።

ሳቄ መጣ። ሲዲው የእንግሊዝኛ ነው፤ ኪቦርዱ እዚሁ ጅቡቲ የተገዛ፣ የፈረንሳይኛ። ሁለቱ ፊደል የሚያስቀምጡበት ቦታ አይገጥምም፤ «ኤ»ና «ኪው»፣ «ዜድ»ና «ደብልዩ» ቦታ ይለዋወጣሉ። መጻፍ በተማርኩ ሰሞን ስሜን፣ አዚዛን፣ በዚሁ ኪቦርድ ስጽፍ የወጣው «ቅዊውቅ» ነበር። እማዬ አንብቢልኝ ብላኝ ባነብላት «ምነው ልጄ፣ ጫጩት ሆንሽ?» ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያማ አወል ሰፈሩን ሁሉ አስተምሮ ቅዊውቅ ሲሉኝ ከረሙ፤ ስንቴ አስለቅሰውኛል። ለካ ይጠቅመኝ ኖሯል። «ኪው»ን ስፈልግ «ኤ»ን፣ «ደብልዩ»ን ስፈልግ «ዜድ»ን እየተጫንኩ ጻፍኩት፤ ማሽኑም እሺ ብሎ ቀጠለ።

እማዬ የአስርን ሶላት ሰግዳ ስትጨርስ እጇን ይዤ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳትና ማውሱን አስጨበጥኳት። ካርታው ተደረደረ። ቀስቷ ገጹ ላይ ወዲያ ወዲህ ትንከራተታለች፣ አንድም ካርታ አትነካም። ቀዩ ስድስት ዳር ላይ ተቀምጧል፣ ጥቁሩ ሰባት ከወዲህ ይጠብቀዋል፤ እኔ አየዋለሁ፣ እሷ አታነሳውም። አለቀ፣ አታይም ማለት ነው አልኩ በሆዴ። መታገስ አቃተኝና ጣቴን ወደ ስድስቱ ሰደድ አደረግሁ። እማዬ የእጄን ጀርባ ጠፍ አደረገችው።

«እጅሽን አንሺልኝ። አይቼዋለሁ» አለች።

ስድስቱን አንስታ ሰባቱ ላይ ጣል አደረገችው። ከሥሩ የነበረውን ገለበጠች፣ ለእሱም ቦታ ፈለገችለት። ሹልክ ብዬ በረንዳው ላይ ወጣሁና እንባዬን ለቀቅሁት፤ እፎይ ማለት እንዲህ እንደሚያስለቅስ አላውቅም ነበር። ልጅ ሳለሁ «አይቼዋለሁ» ስትለኝ አኮርፍ ነበር፤ ምን ጊዜም ከእሷ ቀድሜ ማየት እፈልግ ነበርና። አሁን ግን ዕድሜ ልኳን ትቅደመኝ።

«አዚዛ፣ የት ጠፋሽ? ነይ እንጂ» ስትል ሰማኋት። ፊቴን ጠርጌ ገባሁ፣ ጎኗ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እጆቼን ጭኔ ላይ አጣጥፌ፣ የሚሄደው ካርታ ቢታየኝም እሷ እስክታነሳው ጠበቅሁ።