ወናፉ ሲዘረጋ

የሰፈሩ ሰው የፎቶ አንሺውን ስም ትቶ «አትተንፍሱ» ነው የሚለው። ፎቶ ቤቱ ገብቶ ያንን ቃል ሳይሰማ የወጣ የለማ። ካሜራው በዕድሜ የሚበልጠው የእንጨት ሣጥን ነው፤ ከፊቱ ሌንስ፣ ከመሃሉ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚዘረጋና የሚሰበሰብ ቆዳ አለው። የሌንሱ መክፈቻ ከተበላሸ ቆይቷል፤ እሱ ግን ምን ቸገረው። የሌንሱን ክዳን በእጁ ያነሣል፣ «አትተንፍሱ» ይላል፣ እስከ ሦስት ይቆጥራል፣ ይከድናል። ወንበሩ ሁልጊዜ ወለሉ ላይ በተመታ ሚስማር ልክ ስለሚቀመጥ ቆጠራው ተለውጦ አያውቅም።

የሚመካበት ግን ሌላ ነበር። «ቀርቦ ማንሣት ከፈለጋችሁ እኔ ጋ ነው» ይል ነበር አፉን ሞልቶ። የሙሽራ ጣት ከነቀለበቱ፣ የአራስ ልጅ ፊት ከነሽፋሽፍቱ፣ የሽማግሌ ግንባር ከነሽብሽቡ ሲያነሣ ካሜራውን አፍንጫቸው ሥር አስጠግቶ ወናፉን እስከ ጥጉ ይዘረጋዋል። ቆጠራው ያው ሦስት ነው። ፎቶው አምሮ ይወጣል፣ መስኮቱ ላይ ይሰቀላል፣ መንገደኛም ቆሞ ያያል። ፊልሙን የምታጥበውና የምታትመው ከኋላ ባለችው ጨለማ ክፍል፣ በር ዘግታ፣ የማጠቢያው መድኃኒት እጇን እየላጠው፣ ሚስቱ ነበረች። ሰውየው ሲመሰገን ወደዚያ በር ዞር ብሎ አያውቅም። ክፋት እንኳ የለበትም፤ አላሰበውም፣ አለቀ።

ባለፈው ክረምት ባለቤቱ ሞተች። እንግዳው ሲበተን ልጁ የእናቷን ፎቶ ግድግዳ ላይ ልትሰቅል ፈለገችና ቤቱ ተገለባበጠ። ከሣጥኖቹ ውስጥ ያልወጣ የሰፈር ሰው አልነበረም፤ እሷ ግን የለችም። አንድ ጊዜ «እስቲ እኔንም ቀርበህ አንሣኝ» ብላው «ነገ» ብሏት ነበር። በመጨረሻ የተገኘችው ለመታወቂያ የተነሣቻት አንዲት ጉርድ ፎቶ ናት። እሷንም ያነሣት ሌላ ፎቶ ቤት ነው።

«አባዬ፣ በስልኬ አንሥቼ ላሳድጋት» አለችው ልጁ።

«እናትሽንማ እኔ ነኝ የማነሣት» አለ። ከዚያ በኋላ ማንም ቢለምነው ወይ ፍንክች።

ጉርዷን ሰሌዳ ላይ አጣበቀ፣ ካሜራውን አስጠጋ፣ ወናፉን ዘረጋ፣ ሦስት ቆጠረና ከደነ። ፊልሙን ራሱ አጠበው። የወጣው የሳሳ፣ የነጣ ነገር ነው፤ ዓይኗ መኖር ያለበት ቦታ ላይ ምንም የለም። ደገመው፤ ያው። ፊልሙን ሰደበ፣ መድኃኒቱን ሰደበ፣ ውሃውንም አልማረውም። ለዚያ ካሜራ የሚሆን ፊልም ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፤ እጁ ላይ የቀረው አንድ ብቻ ነው። ያቺ አንዷ ከተበላሸች ሚስቱን በገዛ ካሜራው ሳያነሣት መቅረቱ ነው። ይህን ሲያስብ ፈራ።

የሳሳውን ፊልም ይዞ ወደ ጓደኛው ወደ ካሜራ ጠጋኙ ሄደ። ጠጋኙ ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየውና፣

«ወናፉን ስትዘረጋ ቆጠራህን ታስረዝማለህ?» አለው።

«ለምን ብዬ?»

«ሌንሱ ከፊልሙ ሲርቅ ብርሃኑ ይደክማላ። እጥፍ ከዘረጋኸው አራት እጥፍ ትቆጥራለህ። ሦስት የነበረው አሥራ ሁለት ይሆናል።»

«ተው እንጂ። ዕድሜዬን ሙሉ በሦስት አንሥቼ ወጥቶልኛል።»

ጠጋኙ መነጽሩን አወለቀ። «ማን ነበር የሚያጥብልህ?»

ሰውየው ክው አለ። ፊልሙን ኪሱ ከቶ ወጣ፤ መንገድ ላይ ሰላም ያሉትንም አላያቸውም።

በማግሥቱ ሚስቱን እንደገና አነሣት። አሥራ ሁለት ቆጠረ፤ ዓይኑን ከጉርዷ ሳይነቅል፣ ቀስ እያለ። ያን ያህል ጊዜ ፊቷን አትኩሮ ያየበት ቀን ትዝ አላለውም። የገዛ እጁን አላመነምና ፊልሙን ለልጁ ሰጣት፤ እሷ ከእናቷ ጋር ጨለማ ክፍል ስትገባና ስትወጣ ነው ያደገችው። ስለ ቆጠራው ግን ትንፍሽ አላለም። አፍሮ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል።

ልጅቱም ብትሆን የምታውቀውን አልነገረችውም። ገባች፣ ቆየች፣ ከወትሮው አብልጣ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። ፊልሙ ከሰል ሆኗል።

«ምን አደረግሽው?» አለ።

«እማዬ እንዳለችኝ ነው ያደረግኩት። ‹አባትሽ ቀርቦ ያነሣውን መድኃኒቱ ውስጥ አቆይተሽ እጠቢው፣ ብርሃን አንሶት ይሳሳበታል፤ ለእሱ ግን እንዳትነግሪው› ትለኝ ነበር።»

«እኔ እኮ አሥራ ሁለት ቆጥሬያለሁ።»

«አልነገርከኝማ።»

«አንቺስ?»

አንዱ ጥገና በሌላው ላይ ተደርቦ ፊልሙን አክስሎታል። ባልና ሚስት አንዱ ሳያውቅ ሌላው ሲጠግን የኖሩበት ቤት ነውና ልጅቱም ደርሳ ያንኑ ሙያ ያዘች። ኋላ ሰውየው ከሰሉን ፊልም አምፖሉ ላይ ደግኖ ደጋግሞ አየው። የሳሳ ፊልም ላይ የሌለውን ማምጣት አይቻልም፤ የጠቆረ ላይ ግን ሁሉም አለ፣ ብርሃን እስኪያልፍለት መታገሥ ነው።

ጨለማ ክፍል አብረው ገቡ። የፊልሙን ምስል ወረቀት ላይ የሚጥለውን ማጉያ አብርተው ቆሙ፣ አንዲት ፎቶ ለማተም ከተለመደው እጅግ የረዘመ ጊዜ። ያን ጊዜ ነው የጠየቃት።

«ለምንድን ነው ያልነገረችኝ?»

«እኔም ጠይቄያት ነበር። ‹ከነገርኩት ተሸማቅቆ ቀርቦ ማንሣቱን ይተዋል፤ እኔ ደግሞ ደስ የሚሉኝ እነዚያ ናቸው› አለችኝ።»

ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ አስተኙት። በቀዩ መብራት ሥር መጀመሪያ ፀጉሯ መጣ፣ ቀጥሎ ቅንድቧ፣ ቀጥሎ ዓይኗ። ልጁ ልታወጣው እጇን ስትሰድ አባቷን ቀና ብላ አየችው። ሰውየው ትንፋሹን ይዞ ቆሟል፤ እንባው አገጩ ላይ ደርሷል፣ አልጠረገውም።